የኩላሊት ጠጠርና የአጥንት መሳሳት፦ ከባሕር ዳር የንባብ ማስታወሻ

የኩላሊት ጠጠር ያለብን የባሕር ዳር ሰዎች ያነበብነውን በየተራ ስንካፈል፣ በእኔ ድርሻ የወደቀው ጠጠርና አጥንት የሚገናኙበት ጉዳይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የያዝሁትን ማስታወሻ እነሆ አቀርባለሁ።

ንባቤን የጀመርሁት በጠጠሩ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከየት ይመጣል ከሚል ጥያቄ ነው። ከጠጠሮች 80 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ያለባቸው ሲሆኑ፣ በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ደግሞ 99 በመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። በየጊዜው ጠጠር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በሽንታቸው ከመጠን ያለፈ ካልሲየም ያወጣሉ፤ በተለመደው መለኪያ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ለወንድ ከ300፣ ለሴት ከ250 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ማለት ነው። ይህ ትርፍ የሚመጣው አንጀት ከምግብ አብዝቶ ስለሚመጥጥ፣ ኩላሊት ያጣራውን በሚገባ ስለማይመልስ፣ ወይም አጥንት የያዘውን ስለሚለቅ ሲሆን፣ በአንድ ሰው ላይ ሦስቱም ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ፣ ከእነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ ካልሲየም ያነሰው ምግብ ሲሰጣቸው ከበሉት የበለጠ ካልሲየም በሽንታቸው ማውጣታቸው ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው አጥንት ነው።

ስለዚህ በየሰፈሩ የሚሰማው «ጠጠር ካለብህ ወተት ተው» የሚለው ምክር ጉዳቱ ድርብ ነው። በጣሊያን ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ጠጠር የሚመላለስባቸውንና በሽንታቸው ብዙ ካልሲየም የሚያወጡ 120 ወንዶች በሁለት ከፍሎ ለአምስት ዓመት ተከታትሏል። ካልሲየም እንዲቀንሱ ከተደረጉት 38 በመቶ ያህሉ ጠጠሩ ሲመለስባቸው፣ የተለመደውን ካልሲየም እየበሉ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ግን የተመለሰባቸው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን (ከአትክልት የሚገኝና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር የሚሠራውን ንጥረ ነገር) አንጀት ውስጥ እያለ ይዞት በሰገራ ስለሚወጣ ነው። ይህ የምግቡን ካልሲየም የሚመለከት እንጂ እንክብሉን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እንክብል በወሰዱ ሴቶች ዘንድ ጠጠር በ17 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ለአጥንታችሁ እንክብል የታዘዘላችሁ ሰዎች ጠጠር እንዳለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

በኅዳር ያነበብሁት ስለ ስብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሮችስተር፣ ሚኒሶታ ጥናት ጠጠር በነበረባቸው ሰዎች ላይ የአከርካሪ አጥንት ስብራት በአራት እጥፍ ያህል በርክቶ አግኝቶታል፤ የዳሌና የክንድ ስብራት ግን አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከ500,000 በላይ ጠጠር ያለባቸው የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ማኅደር ሲታይ፣ ሩብ የሚጠጉት በዚያው ጊዜ አካባቢ የአጥንት መሳሳት ወይም ስብራት ነበረባቸው፤ ከቀሩት ውስጥ በኋላ የአጥንት ጥግግት የተለካላቸው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም። ጠጠሩ በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ ማስታገሻ ተሰጥቶ፣ ወደ ቤት መሸኘት እኛም ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይህ ቁጥር ልቤን ነክቶታል። ጠጠር በተደጋገመ ቁጥር የደም ካልሲየም መታየት ይኖርበታል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካል። አንገት ውስጥ ያሉት እነዚህ ትንንሽ ዕጢዎች ሥራቸውን ሲያበዙ አጥንቱን ያሳሳሉ፣ ጠጠርም ያመጣሉ፤ የታመመውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ለሁለቱም መድኃኒት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የጨው ነው። ጨው በኩላሊት ሲወጣ ካልሲየምንም አብሮ ስለሚያስወጣ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ (6 ግራም ገደማ) ጨው በተጨመረ ቁጥር በቀን ወደ 40 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም በሽንት ይጨምራል። ወጥ ቤታችንን ስንመረምር ጨው የሚገባው በአንድ በር ብቻ አልነበረም፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ይጨመርበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይጨመርበታል፣ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ተቀምሶ እንደገና ይጨመርበታል። ባለቤቴ የዘንድሮውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጭታ፣ ጨው ወጡ ላይ ብቻ እንዲገባ አድርጋለች። ከዚያ በኋላ የ24 ሰዓት ሽንቴን በጄሪካን ሰበሰብሁ፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ደፍቼ ሰዓቱን ከጻፍሁ በኋላ፣ የቀኑንና የሌሊቱን ሁሉ፣ የማግሥቱን የመጀመሪያ ሽንት ጭምር አጠራቅሜ ማለት ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ የመጣው ውጤት ከቀድሞው ዝቅ ያለ ካልሲየም አሳይቷል፤ ከወሰኑ በታች ግን ገና አልገባም።

ስለ አትክልት ያነበብሁት ደግሞ ለገበያ ቅርጫታችን ይጠቅማል። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት የበዛባቸው ሲሆኑ፣ ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ጥቂት፣ ካልሲየሙም ለሰውነት የሚደርስ ነው፤ በጥናት ሲለካ ከስፒናች ካልሲየም 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲመጠጥ፣ ኬል ከሚባለው የጎመን ዓይነት ግን 40 በመቶ ገደማ ተመጥጧል። ጤፍም በ100 ግራም 180 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ስላለው ለጿሚ ትልቅ ነገር ነው። የዘጌ ሎሚ ካልሲየምን ይዞ ጠጠሩ እንዳይረጋ የሚያግዝ ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ሐኪም ያዘዘውን ፖታሲየም ሲትሬት ግን አይተካም። ከጣና የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣም እንደ ሥጋ ሁሉ የእንስሳት ፕሮቲን ነውና፣ ሲበዛ ደሙን ወደ አሲድነት እያዘነበለ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል።

አሁን የቀረብኝ የዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ የሚውለው ባሕር ዳር መሞቅ በምትጀምርበት ወቅት ሲሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ሽንት ይጠቁራል፣ ወተቱም ከማዕድ ይቀራል፤ ለእኛ የሚመከረው ግን በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት የሚያወጣ ውኃ መጠጣት ነው። ስለዚህ አንዱን ሽንት በጾሙ አጋማሽ፣ ሌላውን ከፋሲካ በኋላ ለመሰብሰብ አስቤያለሁ። ከእናንተ መካከል የ24 ሰዓት ውጤት ያላችሁ፣ ካልሲየሙን ብቻ ሳይሆን ሶዲየሙን (የበላችሁትን ጨው የሚያሳየውን) እና የሽንቱን መጠን ጨምራችሁ፣ በጾም ወይም በፍስክ መሆኑንም ጽፋችሁ ብታካፍሉኝ ጎን ለጎን አድርጌ አቀርበዋለሁ።