የአያቴን ጠገራ ብር ውሃ ውስጥ ስመዝናት

እናቴ ከአያቴ የወረሰቻት አንዲት ጠገራ ብር አለቻት፣ የንግስቲቱ ምስል ያለባት ማርያ ትሬዛ። ለፋሲካ ቤት ስሄድ አንድ ዘመድ "አሁንማ ሁሉም ፎርጅድ ነው" ብሎ አስደንግጧት ሄዷል። 1780 የሚለው ፅሁፍ እንደሆነ ምንም አይነግርህም፣ ከዛ በኋላም ስትመታ ሁሌ ያው 1780 ነው የሚፃፍባት።

መዘንኳት፣ 27.9 ግራም። አዲሷ 28.07 ነች፣ ስንት ዘመን በእጅ ስትታሽ ኖራ ብታልቅ አይገርምም። ግን ነሐስንም ወፈር አድርገህ 28 ግራም ማድረስ ትችላለህ እኮ፣ ስለዚ ይዘቷን፣ ማለትም ስንት ሚሊ ሊትር ቦታ እንደምትይዝ፣ ማወቅ አለብኝ። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ውሃ ውስጥ ከትቼ ከፍታውን ልለካ ስል የኛ ብርጭቆ አፉ 7 ሳንቲሜትር ነው፣ ውሃው አንድ ሚሊሜትር እንኳን ከፍ አይልም፣ በአይን ምኑ ይታያል።

የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ውሃውን ከነኩባያው ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ዜሮ ታደርገዋለህ፣ ከዛ ብሯን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ እስክትሰጥም ታወርዳታለህ፣ ታች ግን እንዳትነካ። ክብደቷን ክሩ ይዞልሃል፣ ሚዛኑ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፣ ውሃው እሷን ወደላይ ሲገፋት እሷም ውሃውን በዛው ልክ ወደታች ትገፋዋለች፣ ግፊቱ ደግሞ ቦታ የለቀቀላት ውሃ ክብደት ነው፣ የአርኪሜደስ ነገር። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሆነ ግራሙን እንደ ሚሊ ሊትር ታነበዋለህ፣ አለቀ።

ሚዛኗ ወርቅ ቤት እንዳለችው ትንሿ ነች፣ ከ200 ግራም በላይ ስለማትችል በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰራሁ። መጀመሪያ 27 ምናምን አለችኝ፣ ለካ ታች ነክታለች 😂 ቀጥሎ 2.86። ጠጋ ብዬ ሳያት የንግስቲቱ ፀጉር ላይ ደቃቅ አረፋ ተለጥፏል፣ አረፋውም እንደ እቃው ይቆጠራል። በጥርስ ብሩሽና በጠብታ ሳሙና አሸት አድርጌ መለስኳት፣ 2.74።

27.9 ለ2.74 ሲካፈል በሚሊ ሊትር 10.2 ግራም ገደማ። እውነተኛዋ 83.3 ፐርሰንቷ ብር ቀሪው መዳብ ነው፣ ከዛ የሚመጣው ይሄው ነው፣ ነሐስ ብትሆን ሚዛኗ በ2.74 ፈንታ 3.3 አካባቢ ታነብ ነበር። እርሳስና ቆርቆሮ ቀላቅሎ 10.2 የሚያመጣ አይጠፋም፣ እሱ ግን ሲመታ ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ የኛዋ ደህና አድርጋ ታቃጭላለች።

እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ተቀብላ አሸተተቻት፣ "ሳሙና ነካኻት እንዴ?" ብላ በነጠላዋ ጠራርጋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት።