አየሩ የት ይገባል?

የዕቃ አነሳስ ስልጠናው የተሰጠን ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ያውም ኮንቴይነር በገባበት ቀን። ካርቶኑ በር ላይ ተቆልሏል፣ እኛ አዳራሽ ተቀምጠን የወገብ አጥንት ስላይድ እናያለን። አለቃችን ከኋላ ሆኖ ማን እንደፈረመ ይቆጣጠራል።

አሰልጣኙ ሸንቀጥ ያለ ወጣት ነው። "ሚስጥሩ ኮር ነው፤ የሆድና የወገብ ጡንቻ ማለት ነው" አለን። "ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት እምብርታችሁን ወደ ጀርባ ሳቡ። እንደሳባችሁ ቆዩ።"

ሳብን። አጠገቤ ያለው የፎርክሊፍት ሾፌር ፊቱ ቀላ። ይሄኔ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ጋሼ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ እሺ። ካርቶኑን ይዤ ስሄድ በምን ልተንፍስ?"

"በአፍንጫዎ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ስተነፍስ ሆዴ ይለቀቃላ።"

"አይልቀቁት።"

"ካልለቀቅኩት አየሩ የት ይገባል?"

ልጁ ስላይዱን አየ። ስላይዱ ላይ የለም። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያ ወዲህ "ጥሩ ጥያቄ ነው" የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቶ፣ ወገቤን ይዞኝ ፊዚዮቴራፒ ስሄድ ነው። ባለሙያዋ ሆዴን ስስብ አይታ ሳቀች። "አትሳበው። ሰው በጣቱ ጎንህን ሊወጋህ ሲመጣ ምን ትሆናለህ? እንደዚያ ጠጠር በል፤ ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም።" ከዚያ ጠጠር እንዳልኩ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረገችኝ። ማውራት ካቃተኝ አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። ትንፋሽ አፍኖ መታገል የደም ግፊትንም ወደ ላይ ይሰቅለዋል አለችኝ። ለቀላል ዕቃ ጥቂት ጠጠር ማለት ይበቃል።

ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ወደ ውስጥ የገባው ወገብን ዙሪያውን ይይዛል፤ ሲጠብቅም ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። በ1996 የታተመ የሆጅስና የሪቻርድሰን ጥናት ጤነኛ ሰው እጁን ሊያነሳ ሲል ይህ ጡንቻ ከእጁ ቀድሞ እንደሚነሳ አሳይቷል። ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ግን ይዘገያል። ይህን ለሾፌራችን ስነግረው "ጎማ በላ!" አለኝ። "ሸክሙን የሚችለው ላስቲኩ መሰለህ? ውስጡ ያለው አየር ነው።" ከስላይዱ ሁሉ ይሄ ገባኝ።

ሥራ ስመለስ ጋሼን ልብ ብዬ አየኋቸው። ካርቶኑን መጀመሪያ ወደ ሆዳቸው ያስጠጉታል። ከማንሳታቸው በፊት የቀበቷቸው ዘለበት ወደ ፊት ትንሽ ገፋ ይላል። ወደ ውስጥ አይደለም፣ ወደ ፊት! ቀና ሲሉ "እህ" ብለው ያስወጣሉ። ያቺን "እህ" እስከዛሬ ምሬት ትመስለኝ ነበር። ሲዞሩም በእግራቸው እንጂ በወገባቸው አይጠመዘዙም። ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው "ወገቤ" አሉኝ።

እውነት ለመናገር ነገሩ ይሠራል። ጫማ ሳስር፣ የታችኛውን መሳቢያ ስጎትት፣ ሳስነጥስ ሳይቀር ቀድሜ ጠጠር እላለሁ። ወገቤም ቀሎኛል።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ካርቶኖቻችን ከ30 ኪሎ በላይ ናቸው። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ለሸክም ያወጣው ቀመር የሚነሳው ከ23 ኪሎ ነው፤ እሱም ዕቃው ለሰውነት ቅርብ፣ ከፍታው ምቹ፣ መጠማዘዝም የሌለበት ሲሆን። ሁኔታው ሲከፋ ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ይህን በወረቀት አትሜ አለቃችን ዘንድ ገባሁና ሁለተኛ ጋሪ ጠየቅሁ።

"ስልጠና ወስዳችኋል እኮ" አለኝ፣ የፈረምንበትን ወረቀት ከፋይሉ እያወጣ። "ኮራችሁን ተጠቀሙ።"

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማሳየው እኔ ነኝ። በቀደም ለአንዱ ልጅ አስጠግተህ ያዝ፣ ጠጠር በል፣ ስትነሳ አስወጣ እያልኩ በደንብ አስረዳሁት። ልጁ ካርቶኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሞከረው።

"ለሁለት ብናነሳውስ?" አለኝ።

ለሁለት አነሳነው።