የእህቴ ልጅ ስለ አንቲቫይረስ ለጠየቀችኝ ጥያቄ

አዲስ ላፕቶፕ በገዛች በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ኮምፒውተሩ ጥበቃሽ ሊያበቃ ነው እያለ በቀይ ያስጠነቅቀኛል። ልክፈል ወይስ ልተወው?»

ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የአንድ አንቲቫይረስ የ30 ቀን የሙከራ ቅጂ ተጭኖበት ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ቫይረስ አልያዛትም። «ረጋ በይ፣ ዛሬ ምንም አትክፈይ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ ለዚህ ጥያቄ እኔ ራሴ በተለያየ ጊዜ ሦስት መልስ ሰጥቼበታለሁና። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የትርጉም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ስሙ የታወቀ፣ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር፤ ገንዘቡን ግን ማውጣት አልፈለግሁም። ስለዚህ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰበረ ቅጂ ከኢንተርኔት አወረድኩ። አብሮት የመጣው መመሪያ የመጀመሪያ መስመር «ከመጫንህ በፊት ያለህን ጥበቃ አጥፋ» ይላል። አጠፋሁ። ሁለተኛው መስመር «ይህ ፎልደር እንዳይፈተሽ አድርግ» ይላል። አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ምልክት በርቶ «ኮምፒውተርህ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ይታየኝ ነበር። ሳምንታት እንዳለፉ ከእኔ ኢሜይል ለደንበኞቼ ፋይል የተያያዘበት መልእክት ተላከ። አንዲት ደንበኛዬ የእኔን ስም አይታ፣ እኔን አምና ከፍታዋለች። ደውላ ስትነግረኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ነጻ የሚባለው አምራቹ ራሱ በነጻ የሰጠው ብቻ ነው። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ግን ምንም ጥበቃ ከሌለው ኮምፒውተር ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰውየው ጥበቃ አለኝ ብሎ ይዘናጋል።

ሁለተኛው መልሴ መክፈል ነበር። ሦስት ዓመት በሐቀኝነት ከፈልኩ። ፕሮግራሙ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ የቅናሽ ዋጋ ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ሳልጠየቅ ወደ እጥፍ የተጠጋ ገንዘብ ከካርዴ ተቆረጠ። ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ውል ማቋረጥ እንዳለብኝ የነገረኝ ማንም አልነበረም። የከፈልኩበትን ስቆጥር ደግሞ ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚሸፍን አገልግሎት) አለ፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አለ፣ የኮምፒውተር ማጽጃ አለ። የተጠቀምኩት ግን ቫይረስ የሚፈትሸውን ክፍል ብቻ ነው። ያ ክፍል ደግሞ በብዙ አምራቾች ዘንድ በነጻውም በሚከፈልበትም ቅጂ አንድ ዓይነት ነው።

ታዲያ ነጻውን መጫን ነው? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የነጻ አንቲቫይረስ አምራችም ገቢ ይፈልጋል። አብዛኛው በየጊዜው ብቅ በሚል ማስታወቂያ ወደሚከፈልበት ቅጂ ይጋብዛል፤ ይህ ቢያሰለችም አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነው። አቫስት የተባለው የአንቲቫይረስ አምራች ጃምፕሾት በተባለ በሥሩ ባለ ኩባንያ በኩል የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሲሸጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ፕሮግራሙን ሰዎች የጫኑት ከሰላዮች እንዲጠብቃቸው ነበር። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በእውነት ተናድጃለሁ።

ዛሬ የምሰጠው ሦስተኛው መልስ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው። ከዊንዶውስ 8 ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሟላ አንቲቫይረስ ሆኖ አለ። መጀመሪያ ላይ ደካማ ነበር፤ ያኔ ባይመከር ትክክል ነው። አሁን ግን ጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት የተባለ የአንቲቫይረስ መፈተኛ ተቋም በመከላከል ብቃት፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ምቹነት ከ18 በሚሰጠው ነጥብ በተደጋጋሚ ሙሉውን አግኝቷል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ራሱ ገለል ይላል፤ ያ ሲነሳ ራሱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የሙከራውን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ማንሳት ብቻ ይበቃታል። ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ማሠራት ኮምፒውተሩን ከማዘግየትና እርስ በርስ ከማጋጨት በቀር የሚጨምረው ጥበቃ የለም።

ከአንቲቫይረሱ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ለመክፈት ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ዓለምን ያናወጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ነው። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ወደ ሁለት ወር ገደማ! «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ለከረሙ ሰዎች አንቲቫይረስ መግዛት ብዙም አይረዳቸውም።

ለመክፈል ያሰበችውን ገንዘብስ? ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ትግዛበት። ራንሰምዌር ፋይል ከቆለፈ በኋላ ምርጥ የተባለው አንቲቫይረስም ብዙ ጊዜ መልሶ አይከፍተውም፤ የሚያድናት ሌላ ቦታ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። ፋይሎቿን ቀድታ ስትጨርስ ዲስኩን መንቀል አለባት፤ ተሰክቶ የዋለ ዲስክ አብሮ ይቆለፋልና። ዲፌንደር ውስጥም ያልተፈቀደለት ፕሮግራም የተመረጡ ፎልደሮችን እንዳይነካ የሚያግድ ቅንብር አለ። ሲመጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ ሰው ማብራት አለበት።

መክፈል ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሃያ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉንም ከአንድ ቦታ መቆጣጠር ይፈልጋል። ችግር ሲገጥመው ደውሎ የሚያነጋግረው ባለሙያ የሚፈልግ ሰውም ለዚያ አገልግሎት ቢከፍል አልቃወመውም። እሷ ግን አንድ ላፕቶፕ፣ የትምህርት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ነው ያላት።

ቅዳሜ ይዛው ትመጣለች። መጀመሪያ የማየው ማሻሻያው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጫነ ነው።