ክሊፍተን፣ አሪዞና፦ መጀመሪያ ልጁ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ

ከሳፈርድ ወደ ክሊፍተን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥጥ ማሳው አልቆ ራቁት ኮረብታ ይጀምራል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ የሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ በቆረጠው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከተማዋ ብቅ ትላለች። መንገድ ዳር ከአለት የተፈለፈለው የድሮ እስር ቤት አለ። ጎብኚ ሁሉ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ቼዝ ክሪክ የሚባለው ሰፈር ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1904 ምሽት ላይ 40 ሕፃናት በባቡር እዚህ ደረሱ። ትልልቆቹ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። የላካቸው በ1869 በካቶሊክ ደናግል የተመሠረተው የኒውዮርኩ ፋውንድሊንግ ሆስፒታል ነበር፤ በደጁ የሕፃን አልጋ አኑሮ የተጣሉ ልጆችን የሚቀበል ቤት።

በዚያ ዘመን ችልድረንስ ኤይድ ሶሳይቲ የተባለው፣ ወላጅ አልባ ልጆችን በባቡር ወደ አሳዳጊዎች ይልክ የነበረ ሌላ ድርጅት፣ ልጆቹን በየከተማው መድረክ ላይ አሰልፎ የፈለገ እንዲመርጥ ያደርግ ነበር። ደናግሉ ይህን አልወደዱትም፤ ልጁን ከአሳዳጊው ጋር አስቀድመው ያዛምዱ ነበር። የአጥቢያው ቄስ በቤተ ክርስቲያን ያስታውቃል። ቤተሰቡ ወንድ ወይም ሴት፣ አንዳንዴም የፀጉሩን ቀለም ሳይቀር ጠቅሶ ይጠይቃል፤ ቄሱ ስለ ጠያቂው ጠባይና ኑሮ ይመሰክራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ይወጣለትና በልብሱ ላይ ይሰፋል፣ ያው ቁጥር ለአሳዳጊው ይደርሳል፣ ጣቢያ ላይ ቁጥር ከቁጥር ይገጥማል። ድርጅቱ ልጁን መልሶ የመውሰድ መብቱን አይለቅም።

ለዚያ ዘመን ጥሩ አሠራር ነው እላለሁ። ቀዳዳው ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ቃል ላይ መንጠልጠሉ ነው። ልጁ ከመሰጠቱ በፊት የሚተኛበትን ክፍል ከቄሱ ሌላ ያየ የለም። የክሊፍተኑ ቄስ ኮንስታንት ማንዲን ደግሞ ወጣት ፈረንሳዊ ነበር፤ ለአገሩም ለከተማውም እንግዳ። ምእመናኑ በአብዛኛው ሜክሲኮዎች ስለነበሩ አሳዳጊ የሆኑትም እነሱ ናቸው። ልጆቹ ካቶሊክ፣ ቤተሰቦቹ ካቶሊክ፤ ለደናግሉ ነገሩ በዚህ አለቀ። ለከተማዋ ነጮች ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ልጆቹ ነጭ ናቸዋ!

ቁጣው ከሰማይ አልወረደም። ከዓመት በፊት፣ በጁን 1903፣ የመዳብ ማዕድን ሠራተኞቹ፣ በአብዛኛው ሜክሲኮዎችና ጣልያኖች፣ ሥራ አቁመው ነበር። አዲስ ሕግ የከርሰ ምድር ሥራን በቀን ወደ 8 ሰዓት ሲያወርደው ኩባንያዎቹ የ10 ሰዓቱን ደመወዝ ስለቆረጡ ነው። አድማው በጎርፍና በወታደር ተሰበረ፤ ቂሙ ቀረ።

16ቱ ልጆች እዚሁ ክሊፍተን ሲሰጡ ሌሎቹ ሽቅብ ወደ ጎረቤቷ የማዕድን ከተማ ሞሬንሲ ተወሰዱ። በማግስቱ እሑድ ሌሊት፣ ዝናብ እየወረደ፣ የታጠቁ ነጮች በየቤቱ እያንኳኩ የክሊፍተኖቹን ልጆች ነጠቁ። ለተነጠቁት ሜክሲኮ እናቶች ምንም ወረቀት አልታየም። ሞሬንሲ ላይም ሕዝቡ በቄሱና በሆስፒታሉ ወኪል ላይ ተነሳ። ደናግሉ 21 ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ 19ኙ በነጮች ቤት ቀሩ።

የነጣቂዎቹ መከራከሪያ ልጆቹን ከረሃብና ከቆሻሻ አዳንን የሚል ነው። ድህነቱ እውነት ነበር፤ ሜክሲኮ ሠራተኛ የሚከፈለው ከነጩ ያነሰ ነዋ። ዛሬ ልጅ ተጎድቷል ሲባል በተለመደው ሁኔታ ጥቆማው ይመዘገባል፣ ቤቱ ይታያል፣ ዳኛ ያዛል፣ ከዚያ ልጁ ይነሳል። አሪዞና ያኔ ገና ግዛት እንጂ ክፍለ ሀገር አልነበረችም፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ መሥሪያ ቤትም አልነበራትም። በእጅ ያለው የሸሪፉ ጠመንጃና በሰለሞንቪል ከተማ የሚያስችለው የአውራጃ ዳኛ ነው። ዳኛው አሳዳሪነት፣ ማለትም የልጅ ሕጋዊ ሞግዚትነት፣ የሚሰጥ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ነጮቹ ልጆቹን ከያዙ በኋላ ሄደው ያንን ደብዳቤ አወጡ።

ሆስፒታሉ ልጆቹን ለማስመለስ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ፤ ለእስረኛ የተሠራ መሣሪያ ነው። መዝገቡ ከልጆቹ አንዱን በያዘው በጆን ጋቲ ስም ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 የልጁ ጥቅም ይቅደም ብሎ ለነጮቹ ፈረደ። ሜክሲኮዎቹ ተከራካሪ ወገን እንኳ አልነበሩም። መርሑ ራሱ ዛሬም የምንጠቀምበት ነው፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1906 ይግባኙን መለሰው፤ ክርክሩ የልጅ አያያዝ እንጂ የግል ነፃነት አይደለም፣ ስለዚህ አያገባኝም በማለት።

ቼዝ ክሪክ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ጎዳናው ጠባብ ነው፤ አንድ በር ሲንኳኳ ማዶ ያለው መስማቱ አይቀርም።

ወደ ሞሬንሲ ስወጣ ግን የድሮዋን ከተማ አላገኘኋትም። የማዕድኑ ጉድጓድ በልቷታል። ደናግሉ ያረፉበትን ሆቴል ለማየት የሚመጣ ሰው ከመንገዱ ጠርዝ ቆሞ የሚያየው ደረጃ በደረጃ የተቆረጠ ተራራና ከታች የሚርመሰመሱ ግዙፍ የጭነት መኪናዎችን ነው።