ጣሪያዬን ሁለት ጊዜ ከፍዬ ያሠራሁት በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው

ቤቴ ጋልቨስተን ካውንቲ ነው፤ ከሂዩስተን ወደ ባሕሩ ወረድ ብሎ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ንፋስ የጣሪያዬን ሺንግል (በምስማር የሚመታውን የጣሪያ ክዳን) ገነጣጥሎ የጎረቤት ግቢ ውስጥ በተነው። ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ሠራተኛ ተገኘ፣ ጣሪያው በሁለት ቀን አለቀ።

መዘዙ የመጣው በዓመቱ ነው። ኢንሹራንሴ የንፋስ ሽፋኑን አላድስም አለ። የቴክሳስ ባሕር ዳር ነዋሪ እንዲህ ሲገጥመው የሚሄደው ትዊያ ወደሚባለው የንፋስ መድን ማኅበር ነው። በ1971 የተቋቋመው ሌሎች ኩባንያዎች የማይቀበሉትን ቤት እንዲሸፍን ነው። የኢንሹራንስ ኤጀንቷ ቢያንስ አንድ ኩባንያ እምቢ ያለኝ መሆኑን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "የአዲሱ ጣሪያ ደብሊው ፒ አይ 8ስ?" አለችኝ።

ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ጣሪያው የባሕር ዳርቻውን የንፋስ ኮድ ጠብቆ መሠራቱን የሚመሰክር ሰርተፍኬት ነው። ጣሪያ ሲቀየር አዲስ መውጣት አለበት። የከተማው የግንባታ ፈቃድ አይተካውም። ጣሪያውን ለሠራልኝ ሰው ደወልኩ። "እህቴ፣ ምንም አታስቢ፤ ሲቲው አይቶ አጽድቆታል" አለኝ። ሲቲው አይቶታል፤ መሬት ላይ ቆሞ፣ በአምስት ደቂቃ። ላብራራለት ስሞክር ዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

የሰርተፍኬቱ መመሪያ ሥራው ካለቀ በኋላም ፈቃድ ያለው ኢንጂነር መርምሮ መመስከር ይችላል ይላል። 600 ዶላር ከፍዬ አንድ ኢንጂነር አመጣሁ። መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ በባትሪ የጣውላውን ምስማሮች አየ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ እኔም መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆምኩ። በጠፍጣፋ ብረት አንዱን ሺንግል በቀስታ ፈልቅቆ ቀና አደረገው። ምስማሮቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አራት። ስድስት መሆን ነበረባቸው። ሁለቱ ደግሞ ከመስመራቸው በላይ ተመትተዋል፤ አንዱ ጎብጦ ጭንቅላቱ ሺንግሉን ቆርጦታል። ሌላ ቦታ ገለጠ፤ እዚያም አራት። በኩሽናው በኩል አየ፤ አራት። "ይሄን አልፈርምም" ብሎ ወረደ።

አልቀየምኩትም። የተናደድኩት በሠራተኛውና በራሴ ነው። ያን ሰው የመረጥኩት ወዳጅ ስለጠቆመኝና ዋጋው ስለረከሰ ነው። ሙሉ ገንዘቡን በጨረሰ ቀን በእጁ ሰጠሁት። ነርስ ነኝ፤ ሆስፒታል ያልተፈረመ ወረቀት ይዤ መድኃኒት አልሰጥም። ለገዛ ቤቴ ግን አንድም ወረቀት አልጠየቅኩም።

ይህ ሁሉ የሆነው ኦገስት ላይ ነው። አውሎ ንፋስ ገልፍ (የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ) ከገባ ደግሞ ትዊያ አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ መጀመሪያ የማየው የአየር ትንበያውን ነበር። ባንኩ በበኩሉ ቤቱ የንፋስ ሽፋን ስለሌለው ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ ከሞርጌጁ ጋር ደመረብኝ፤ ከቀድሞው በእጥፍ ይበልጣል። አንድ ዓመት ያልሞላውን ጣሪያ አስነቅዬ 11 ሺህ ዶላር ከፈልኩ።

በሁለተኛው ጊዜ ኢንጂነሩን የቀጠርኩት ከሠራተኞቹ በፊት ነው። መመሪያው "ካለቀም በኋላ ይቻላል" ቢልም እናንተ አይቻልም ብላችሁ ተነሡ። ከሺንግሉ ሥር ያለው አንዴ ከተሸፈነ የሚያየው የለም። ውሉ ላይ "የመጨረሻው ክፍያ ሰርተፍኬቱ ሲወጣ" ብላችሁ አስገቡ። ሠራተኛው ካኮረፈ ሌላ ፈልጉ። ቤት የምትገዙም ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን የቴክሳስ መድን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ሰርተፍኬት ካለው ይወጣል። ሻጩ "አለ" ስላለ አትመኑ። ደግሞ የንፋሱ መድን ጎርፍን አይጨምርም፤ እሱ ለብቻው ነው።

በሥራው ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ጣሪያው ግማሽ ሲደርስ ኢንጂነሩ መጣ። እኔም መሰላሉ ላይ ወጣሁና አብሬው ቆጠርኩ። ስድስት።