ፋስ ወይስ ቶማሃውክ? ሁለቱንም ተሸክሜ ያየሁት

ጫካ የሚያድር ሰው ሸክሙን ሲያሰናዳ ከእያንዳንዷ ግራም ጋር ይጣላል። ሜዳ ላይ ምንም ያልመሰለው ዕቃ ዳገት ሲመጣ ይረገማል። መጀመሪያ ከሚረገሙት አንዱ መጥረቢያ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የምወጣው በቢላዋ ብቻ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዝናብ ነው። ሲዘንብበት የሰነበተ እንጨት ላይ ላዩን ይርሳል እንጂ መሃሉ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ በተለይ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ከሆነ። ያንን ደረቅ መሃል ለማግኘት መፍለጥ የግድ ነው። በቢላዋም ይፈለጣል። ቢላዋውን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በዱላ መምታት ነው። ግንዱ ከእጅ አንጓ ሲወፍር ግን ፍዳ ነው፤ ቢላዋውም ያሳዝናል።

ስለዚህ አንድ ፋስና አንድ ቶማሃውክ የሚባል ረጅም ዛቢያ ያለው ቀጭን መጥረቢያ ይዤ እያፈራረቅኩ መውጣት ጀመርኩ። ሁለቱንም ያሠራኋቸው ያንኑ ሥራ ነው፤ ጭራሮ መፍለጥ፣ ቅርንጫፍ መመልመል፣ የድንኳን ካስማ መጥረብና መትከል፣ ለእሳት መለኮሻ ፍቅፋቂ ማውጣት። ፋስ የምለው በአንድ እጅ የሚያዘውን አጭር መጥረቢያ ነው። የእኔው ከነዛቢያው 600 ግራም ገደማ ሲሆን ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቶማሃውኩ በክብደት ብዙም አይለይም። ዛቢያው ግን ከ50 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጭንቅላቱም ቀጭን ነው።

ቶማሃውክን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው፤ ተወርውሮ ዛፍ ላይ ሲሰካ። መነሻው የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫካ ነዋሪ የሆኑት ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። በፊት ጭንቅላቱ ድንጋይ ነበር። የአውሮፓ ነጋዴዎች ከመጡ በኋላ ብረት ሆነ። መሣሪያም ነበር፣ የቤት ዕቃም ነበር፤ ኋላ ላይ ትምባሆ የሚጨስበት ዓይነትም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1757 በሰሜን አሜሪካ ለእንግሊዝ የሚዋጋው አዛዥ ሮበርት ሮጀርስ ጫካ ለጫካ ለሚዋጉ ወታደሮቹ ባወጣው ደንብ፣ እያንዳንዱ ሰው ማታ ማታ ለቆጠራ ሲቀርብ ጠመንጃ፣ 60 ጥይትና አንድ ትንሽ መጥረቢያ መያዝ ነበረበት። ይሄ ደንብ ደስ ይለኛል። መጥረቢያዋ ለጌጥ እንዳልሆነች ያሳያል። በየሌሊቱ አዲስ ቦታ የሚያድር ሰው እንጨት ይቆርጣል፣ መጠለያ ይሠራል።

ዛሬ ገበያው ላይ የሚታየው ጥቁር፣ ከኋላው ሹል ያለው ቶማሃውክ ግን ሌላ ዘር ነው። የእሱ አባት የሚባለው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ፒተር ላጋና የሚባል ሰው ለአሜሪካ ወታደሮች ሠርቶ የሸጠው ነው። ለበር መስበሪያና ለእጅ በእጅ ውጊያ የታሰበ ዕቃ ነው። ለእንጨት የሚሆን ሰው ያንን ሹል ምን ያደርግበታል? ወደ ኋላ ባነሳኸው ቁጥር ወደ ግንባርህ የሚመጣ ጫፍ አለው። ተንሸራትተህ ብትወድቅ ደግሞ ሁለት በኩል ይጠብቅሃል። እኔ የያዝኩት ሹል የሌለውን፣ የድሮውን ዓይነት ነው። ስለ ቶማሃውክ የምለው ሁሉ ስለዚህኛው ነው።

ትልቁ ልዩነት ስለቱ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ነገር ያለው ግን ዛቢያው ላይ ነው።

የፋስ ዛቢያ ከታች በኩል ወደ ጭንቅላቱ ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ከላይ ተሰንጥቆ ሽብልቅ ይመታበታል። ጥብቅ ነው፣ ቋሚ ነው። ዛቢያው ጫካ ውስጥ ከተሰበረ ግን ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ጉማጅ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለቱን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ ጉማጁን በእሳት ማቃጠል የሚባል የድሮ ዘዴ አለ። አይመከርም። ብረቱ ግሎ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ጥንካሬው ይለሰልሳል።

ቶማሃውክ እንደ ዶማ ነው። ጭንቅላቱ ከዛቢያው ቀጭን ጫፍ ገብቶ ወደ ወፍራሙ ይወጣና እዚያ ይጣበቃል። ሽብልቅ የለ፣ ሚስማር የለ። በወዘወዝከው ቁጥር ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ስለሚሳብ ራሱን ያጠብቃል። ማውለቅ ስትፈልግ የዛቢያውን ራስ ጉቶ ላይ ኳ ኳ ማድረግ ነው፤ ይላቀቃል።

ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሦስት ጥቅም አገኘሁበት። አንደኛ፣ ጭንቅላቱን አውልቄ በመዳፌ ይዤ እንደ መጥረቢያ ሳይሆን እንደ መላጊያ እጠቀምበታለሁ። ፍቅፋቂ ለማውጣት ከረጅሙ ዛቢያ ጋር ከመታገል ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሲሸከፍ ለሁለት ይከፈላል፤ ጭንቅላቱ ቦርሳው መሃል ይተኛል፣ ዛቢያው ጎን ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ዋናው ነው። ዛቢያው ቢሰበር እዚያው ሌላ ይጠረባል። ሞክሬዋለሁ። ቀጥ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ መርጬ፣ ጭንቅላቱን በእጄ ይዤ ጠረብኩት፣ በቢላዋ አስተካከልኩት። ከሰዓቱ አለቀ፤ መልኩም አያምርም። ግን ሠራ። እርጥብ እንጨት ከሆነ ያለህ፣ እሱም ያገለግላል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ግን በየጊዜው ማጥበቅ አለብህ።

የማይመቸኝ ነገርም እዚሁ አለ። በደረቅ አየር ዛቢያው ይኮማተርና ጭንቅላቱ ሳይታወቅ ይላላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አንቀጥቅጬ አያለሁ። ፋስም ይላላል፣ ግን እንዲህ ቶሎ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የላላ ፋስ ውሃ ውስጥ ንከር የሚለው ምክር ለአንድ ማታ ነው የሚሠራው። እንጨቱ ያብጥና ቀዳዳው ውስጥ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በመፍለጥ ፋስ አሸነፈ። ጎኑ ወፈር ስለሚል ስለቱ ከገባ በኋላ እንጨቱን ለሁለት ይገፋዋል። ቶማሃውክ ቀጭን ስለሆነ ይሰምጥና እዚያው ይያዛል። ጉጥ ያለበት እንጨት ከሆነማ እሱን ከማላቀቅ ሌላ ሥራ የለህም። በምልመላ ግን ቶማሃውክ ጎበዝ ነው። ረጅም ዛቢያ ማለት የጭንቅላቱ ፍጥነት ይጨምራል ማለት ነው። የምቱ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ለዚህ ነው ቀላል ጭንቅላት እያለው ወፈር ያለ ቅርንጫፍ በአንድ ምት የሚያነሳው። ወገብህን ሳታጎብጥ የወደቀ ዛፍ መመልመል ትችላለህ።

ካስማ መምታት ሌላ ነው። የፋሱ ጀርባ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለእንጨት ካስማ እንደ መዶሻ ይሆናል። የእኔ ቶማሃውክ ጀርባ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካስማ የምመታው በድንጋይ ወይም በጉማጅ ነው። መዶሻ የመሰለ ጀርባ ያላቸውም አሉ። ሁለቱንም ቢሆን ብረት ላይ መምታት፣ ወይም እንጨት ውስጥ ሲያዝ ጀርባውን በሌላ መጥረቢያ መደብደብ አይገባም። የዛቢያው ቀዳዳ ግድግዳ ስስ ነው፣ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ ዛቢያ አይይዝም።

አሁን ስለ አደጋው። አጭር ከሆነ አይጎዳም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም መጥረቢያ ስትስት ብዙ ጊዜ መሬት ነው የሚመታው። ፋስ ስትስት የሚዞርበት ክብ ጠባብ ስለሆነ የሚያርፈው ቅልጥምህ ወይም ጉልበትህ ላይ ነው። ከመንገድ ርቀህ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ እግርን መቁረጥ ቀልድ የለውም። እኔ በፋስ የምሠራው ተንበርክኬ ነው። ያኔ የሳትኩት ምት መሬት ያገኛል። የሚፈለጠውን ጉቶ ላይ አደርጋለሁ፣ ከጉቶውም ማዶ በኩል እንጂ ከእኔ ወዲህ አላስቀምጠውም። ቀጭን እንጨት ስፈልጥ ፋሱን ጭራሽ አልሰነዝርም። ስለቱን ጫፉ ላይ አሳርፌ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አንስቼ ጉቶው ላይ አሳርፋቸዋለሁ። ቀስ ያለ ነው፣ ግን ጣት ከመንገዱ ውጭ ነው። በዙሪያዬ ሰው ካለ ክንዴና መጥረቢያው ተደምረው ከሚደርሱበት እጥፍ እንዲርቅ እጠይቃለሁ። ቀና ብዬ ቅርንጫፍም አያለሁ። ማታ ደክሞኝ ከሆነ አልነካውም፤ የማታው እንጨት ብርሃን ሳለ ያልቃል።

አፎት ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ስለቱን ብቻ የሚሸፍን፣ በአንዲት ቁልፍ የሚያዝ ቀጭን ቆዳ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ቀበቶ ላይ ማንጠልጠልን አልወደድኩትም። ስትሄድ ጭንህን ይመታል፣ ስትቀመጥ ይወጋሃል። ቦርሳው ጎን ላይ፣ ስለቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሁለት ቦታ ታስሮ ነው የምይዘው።

ከዚህ ሁሉ ልምድ የተረፈኝ ትልቁ ነገር ግን ስለ ሁለቱም አይደለም፤ ስለ መጋዝ ነው። 200 ግራም ገደማ የምትመዝን ታጣፊ መጋዝ ክንድ የሚያህል እንጨት በጥቂት ደቂቃ ትቆርጣለች፤ ድምፅ የላት፣ የሚፈናጠር ስንጣሪ የላት። ያንኑ በፋስ ለመቁረጥ ስትል ያልብሃል። በብርድ ሰዓት ላብ ጠላት ነው፤ ቆም ስትል ይበርድህና ትንቀጠቀጣለህ። ስለዚህ ቁረጣውን ከፋስ ላይ አንስቼ ለመጋዝ ሰጠሁት። እንጨቱ በመጋዝ በክርን ልክ ይቆረጣል፤ ፋስ የሚመጣው ለመፍለጥ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከኪሎ በታች ናቸው፤ ከአንድ ትልቅ መጥረቢያ ያንሳሉ። ሞቃትና ደረቅ ወቅት ከሆነ ፋሱም እቤት ይቀራል፣ መጋዝና ቢላዋ ይበቃኛል። ቶማሃውክን የምይዘው የማልፍበት መንገድ ቁጥቋጦ የበዛበት ሲሆን ወይም ብዙ ቀን ከሰው ርቄ ስቆይ ነው። እዚያ የሚጠገን ነገር መያዝ ያጽናናል።

ከነዛቢያው አንድ ወጥ ብረት የሆነ ፋስም ሞክሬያለሁ። አይላላም፣ አይሰበርም። እጅን ግን ያንዘረዝራል። ፕላስቲክ ዛቢያውም ጠንካራ ነው፤ ከተሰበረ ግን እዚያው አበቃለት።

ስለ መሳል ትንሽ ልበል። አዲስ የተገዛ መጥረቢያ ስለታም ነው ብላችሁ አትመኑ፤ በተለይ ርካሹ። መጀመሪያ በሞረድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ ማስተካከል፣ ከዚያ በክብ መሳያ ድንጋይ እያዞሩ ማለስለስ። በጣም ካቀጠናችሁት ጉጥ ላይ ይሸረፋል። ስለዚህ እስከ ጫፉ በስሱ ጎበጥ ብሎ የሚመጣ ስለት ይሻላል። ከባድ ውርጭ ባለበት ቦታ ስለቱ በቀላሉ ሊሸረፍ ይችላል፤ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጭንቅላቱን ከነአፎቱ ጃኬቴ ሥር አድርጌ አሞቀዋለሁ። ዛቢያውን በተልባ ዘይት አሻለሁ። የታሸበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ከመውጣታችሁ በፊት የቦታውን ደንብ ጠይቁ። ብዙ ጥብቅ ደን ውስጥ ሕያው ዛፍ መንካት ክልክል ነው፤ እሳት ጨርሶ የማይፈቀድበትም አለ። እሳት ከሌለ መጥረቢያው ሸክም ብቻ ነው። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ከእጅ ሻንጣ ጋር አይገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚሄደው። እኔ የቶማሃውኩን ጭንቅላት ከነአፎቱ በወፍራም ካርቶን ጠቅልዬ በፕላስተር አስረዋለሁ። ሻንጣውን ከፍቶ የሚፈትሸው ሰው እጁን ሳያስበው ስለት ላይ እንዳያሳርፍ ነው።