ጥቁር ቀለም የለንም አልኩት

ቅዳሜ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ዛሬ ወጥ ቤታችን የቧንቧ ሠራተኛ ሱቅ መስሎ ዋለ። ልጄ የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ በእጃችን እንሥራ እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የከረመው። ያሸነፈኝ በሎኒ ጆንሰን ነው፤ ኢንጂነሩ ሱፐር ሶከር የሚባለውን የውሃ ሽጉጥ ሲሞክር የሠራው ከፒቪሲ (ከፕላስቲክ) ቧንቧና ከለስላሳ ጠርሙስ ነበርና ምን ልበለው?

ነጩ የግማሽ ኢንች ፒቪሲ ግን ጉድ ሠራኝ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ጥይቱም 13 ገደማ ነው ብዬ ገዛሁ። ስከተው ሳይተኮስ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ለካ ግማሽ ኢንች ስሙ ብቻ ኖሯል፤ የውስጡ ስፋት 16 ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ተመልሼ ለሙቅ ውሃ የሚሆነውን ገርጣ ያለ ሲፒቪሲ የሚባል ቧንቧ አመጣሁ። እሱ ልክክ አለ።

በሞላ (ስፕሪንግ) እየተወረወረ አየር የሚገፋውን ክብ ከአሮጌ ሸበጤ ቆረጥኩት። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ ለሽቦ መኪና ጎማ የምናወጣው ከሸበጥ ነበር፤ እጄ አልረሳም። ልጄ ግን ሞከረውና "ባባ፣ ያስተነፍሳል" አለኝ። እውነቱን ነው። ዙሪያውን ቦይ አውጥተን የቧንቧ ጎሚኒ አስገባንበት፣ ግሪስ ቀባነው። አሁን አፉን በአውራ ጣት ደፍነው ሲገፉት እንደ ብስክሌት መንፊያ መልሶ ይገፋል።

አፈሙዙንም ረጅም ከሆነ ሩቅ ይመታል ብዬ 60 ሳንቲሜትር አድርጌው ነበር። ጥይቱ ከአፉ ሲወጣ ዝሎ እግራችን ሥር ወደቀ፤ የተገፋው አየር ሲያልቅበት ቧንቧው ራሱ እየፈገፈገ ይይዘዋል። 25 ላይ ስንቆርጠው ኮሪደሩን አቋርጦ የእናቱን ነጠላ መታ። ሁለታችንንም መነጽር አስደረገችን።

ከዚያ ልጄ "ጥቁር እንቀባው፣ የእውነት እንዲመስል" አለ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ክሊቭላንድ መናፈሻ ውስጥ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ፖሊስ የገደለው ጥቁር ልጅ 12 ዓመቱ ነበር። የእኔ በሚመጣው ወር 12 ይሞላዋል። የእንጨት ጠመንጃ ይዤ ሰፈሩን ሳምስ ያደግሁ ሰው፣ ይህን ከየት ጀምሬ እንደምነግረው ጠፋኝ።

"ጥቁር ቀለም የለንም" አልኩት። ነበረን።

በብርቱካናማ ናስትሮ ጠቀለልነው። ከቤት እንዳያወጣው አስምዬዋለሁ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን ኮሪደሩ ላይ ባዶ የወተት ካርቶን ደርድሮ እየጣለ ነው። የሞላው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።